ከመንገድ ያነሣናት ውሻ ሌላ ውሻ ስታይ አትያዝም፤ ምን ይሻላል?

የዳማ እናት (ለገጣፎ)

ሰላም ለሁላችሁም። ውሻ የምታሳድጉ ሰዎች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ምክር ስጡኝ።

ዳማ የምትባል ሴት ውሻ አለችን። ያገኘናት ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ባለ ጅምር ሕንፃ ውስጥ ነው። ክረምት ነበር። አሸዋ ክምር ሥር ተጠቅልላ ተኝታ ነበር፤ የግራ ጆሮዋ እስከ ግማሹ ተቀዷል፣ ቁስሉም ትል አፍርቶ ነበር። የሕንፃው ዘበኛ የሰፈሩ ውሾች ተሰብስበው እንደነከሷት ነገረን። አሳከምናት፣ አስከተብናት፣ ካርድም አላት። አሁን ከእኛ ጋር ከዓመት በላይ ሆኗታል።

ከሰው ጋር ነፍስ ናት። የእህቴ ልጅ ላይዋ ላይ ሲወጣባት ዝም ትላለች። እንግዳ ሲመጣ አንዴ ጮኻ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ችግሩ ከግቢ ስንወጣ ነው። ሌላ ውሻ ገና ከሩቅ ስታይ ክው ብላ ትቆማለች። አፏን ትዘጋለች፣ ዓይኗን ትተክላለች፣ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ያለው ፀጉር ይቆማል። ከዚያ በኋላ ስሟን ብጠራ አትሰማም። ትጮኻለች፣ ገመዱን ትጎትታለች፣ በኋላ እግሮቿ ትቆማለች። ሥጋ አፏ ድረስ ባደርስላት እንኳ አትቀበለኝም።

ሰፈራችን ደግሞ ውሻ የማይታጣበት ነው። አስፋልቱ ዳር ሥጋ ቤቶች አሉ፤ እዚያ የሚውሉት ውሾች መንጋ ናቸው። በኮብልስቶኑ መንገድ ደግሞ እያንዳንዱ ግቢ ውሻ አለው፤ በበሩ ሥር አፍንጫቸውን አውጥተው ይጮኹብናል። የጎረቤታችን ትልቅ ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ማታ ይለቀቃል። በቆርቆሮው አጥር ወዲያና ወዲህ ሆነው ሲሯሯጡ የሚተኛ ሰው የለም።

ሰሞኑን አንድ ያልታሰረ ቡችላ እየቦረቀ መጣባት። ልትነክሰው ስትል በጭንቅ ጎትቼ አዳንኩት። የቡችላው ባለቤት «እንዲህ ዓይነት ክፉ ውሻ ይዘሽ አትውጪ» አሉኝ። እናቴ ከግቢ ጨርሳ አትውጣ ትላለች። የመንደሩ ዘበኛ ዱላ ካልቀመሰች አትታረምም ባይ ነው። እኔ መምታትም አልፈልግም፣ ዕድሜ ልኳን ታስራ እንድትኖርም አልፈልግም። ይሄ ነገር ይስተካከላል? ከየት ልጀምር? ሌላ ውሻ ብናመጣላትስ ትለምድ ይሆን?

ከኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ እኔ እንደሚመስለኝ በጣም ስለያዛችኋት ነው። ውሻ ከውሻ ነው የሚማረው። እኛ ብሎክ ሥር ያሉት አንድ ሁለቴ ይናከሳሉ፣ ከዚያ ይተዋወቁና አብረው ይተኛሉ። ፈታ አድርገሽ ልቀቂያት፤ ራሷ ታስተካክለዋለች።

የሱሉልታው

ወንድሜ ከኮዬ ፈጬ፣ ለበጎ ብለህ እንደጻፍከው አውቃለሁ። ግን የዳማ እናት፣ እባክሽ ይህን እንዳታደርጊ። ብሎክ ሥር የሚተኙት ውሾች አብረው ያደጉ ናቸው። አንዱ ሲያጉረመርም ሌላው ዞር ማለት ያውቃል፤ ዞር የሚልበትም ቦታ አለው። ዳማ ግን መንጋ የተረባረበባት ውሻ ናት። ብትለቀቅ ወይ ትነከሳለች ወይ ትሮጣለች። የምትሮጠው ደግሞ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም፤ ያ አስፋልት ገልባጭ መኪና የሚመላለስበት ነው።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ቦቢን ያነሣሁት የወተት መኪና ከሚቆምበት ጥግ ነው፤ እሱም ያንቺዋ የምታደርገውን ሁሉ ያደርግ ነበር። ስለዚህ የጻፍሽውን ሳነብ ዳማን ያየኋት ያህል ነው። ክፉ አይደለችም። ፈርታ ነው። ክፉ ውሻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ሄዶ ይነክሳል እንጂ ከሩቅ ቆሞ ይህን ሁሉ ጩኸት አይጮኽም። ጩኸቱ «አትምጣብኝ» ነው። የጀርባዋ ፀጉር መቆምም በፈቃዷ የምታደርገው አይደለም፤ ሰውነቷ ሲደነግጥ በራሱ የሚመጣ ነው። አፏን መዝጋቷና ዓይኗን መትከሏ ደግሞ ከጩኸቱ በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። እሱን ለይተሽ ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚያየው ጩኸቱን ብቻ ነው።

ከጻፍሽው ሁሉ ዋናው ግን ሥጋ አልቀበልም ማለቷ ነው። ሥጋ የማትበላ ውሻ ምንም ብትነግሪያት አትሰማም፣ አትማርም። በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። እስክትበላ ድረስ ራቂ። የምትበላበት ርቀት የመነሻ ቦታሽ ነው። ያ ርቀት ከመብራት ምሰሶ እስከ ሦስተኛው ምሰሶ ቢሆንም ይሁን። ሰው «ይህን ያህል ርቄ ምን ዋጋ አለው» ይላል፤ ሥራው ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው።

አንድ ነገር በደንብ ልብ በይልኝ። የሀገራችን የመንገድ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ይሸሻል። ድንጋይ በእጅ ባይኖርም፣ መሬቱ ላይ ድንጋይ ባይኖርም፣ ጎንበስ ማለቱ ብቻ ይበቃል። ከልጅነቱ የተማረው እሱን ነው። ቦቢ እኔ የጫማዬን ክር ላስር ዝቅ ስል ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን አጣብቆ ወደ ኋላ ይሳብ ነበር። እኔ ወርውሬበት አላውቅም፤ ሌላ ሰው ግን ወርውሯል። አሁን አስቢው። ከፊት የመንገድ ውሻ እየመጣ ነው። አንቺ እሱን ልታባርሪ ጎንበስ ትያለሽ። ዳማ የምትማረው ምንድነው? ውሻ ሲመጣ ድንጋይም እንደሚመጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ከውሻውም ካንቺም ትሸሻለች። ስለዚህ ከእሷ ጋር ስትሆኚ ጎንበስ ማለት ይቅርብሽ። ኪስሽ ውስጥ የደረቀ ዳቦ ያዢ። የማታውቂው ውሻ ሲጠጋ ከዳማ ፊት ቁሚ፣ ዳቦውን እፍኝ ሙሉ ወደ እሱ በትኚለት፣ እሱ ሲለቅም እናንተ ዞራችሁ ሂዱ። የተራበ ውሻ መሬት ላይ የተበተነ ዳቦ ትቶ አይከተልም። ካስፈለገም ጃንጥላ ያዢና መሃል ላይ ክፈቺው። ብቻ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ እየከፈትሽ ሥጋ እየሰጠሽ አለማምጃት፤ አለዚያ እሷም ትደነግጣለች።

ሰዓት መምረጥም ግማሽ መፍትሔ ነው። የመንገድ ውሻ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢና ምሽት ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ የሚጣላውም ያን ጊዜ ነው። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። የተኛ ውሻ ለልምምድ የሚመች ነው፤ አያፈጥም፣ አይከተልም። ዳማን በዚያ ሰዓት አውጫት። በኮብልስቶኑ በግቢዎቹ መሃል አትሂዱ፤ በየበሩ ሥር የሚጮኸው ገና ሳትጀምሩ ያስጨንቃታል። ለገጣፎ ሜዳ አይታጣም፤ ከሩቅ የሚታይበት፣ መሸሻም ያለው ቦታ ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳንባ ቀቅለሽ በሽምብራ መጠን ክተፊው። ገመዱን ላላ አድርገሽ ያዢ፤ የተወጠረ ገመድ ጭንቀትሽን ይነግራታል፣ አንገቷንም ያንቃታል። በደረቷ ዙሪያ የሚታሰር ማሰሪያ ከአንገት ቀበቶ ይሻላል። ውሻ ከሩቅ ባየች ቅጽበት «ጎሽ» በያትና ስጫት። እያየች እስካለች ድረስ አንድ በአንድ ስጪ። ውሻው ከዓይኗ ሲጠፋ ሳንባውም ይቁም። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጪው። ውሻው ይቅደም፣ ሥጋው ይከተል። ሥጋው ከቀደመ ሥጋሽ የአደጋ ምልክት ይሆንባታል፤ ገና ኪስሽን ስትነኪ ውሻ ፍለጋ ዙሪያዋን ማየት ትጀምራለች።

ቆይቶ አንድ ቀን ውሻ ታይና ወደ አንቺ ትዞራለች፤ «የታለ ሥጋዬ» የምትል ትመስላለች። እንደያዘላት የምታውቂው ያኔ ነው። ከዚያ ትንሽ ቅረቢ። አንገቷ ከደረቀ መልሰሽ ራቂ። ጊዜውን አታርዝሚው፤ ደህና እየሠራች ሳለ ይዘሻት ግቢ። ክፉ ቀን ከገጠማችሁ ደግሞ በማግስቱ እንዳታወጫት። ድንጋጤው ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። አንድ ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ትረፍ፤ ሳንባውን ሣሩ ውስጥ በትኚላት፣ በአፍንጫዋ ትፈልገው። ማሽተት በጣም ያረጋጋቸዋል።

ዱላውን በተመለከተ፣ ዘበኛው የሚያውቀውን ነው የሚነግርሽ፣ አትቀየሚው። ግን ማጉረምረሟን በዱላ ብታስቆሚው ፍርሃቱ አይሄድም። ማስጠንቀቂያው ነው የሚጠፋው። ሳታጉረመርም የምትነክስ ውሻ ይኖርሻል፤ እሷ ናት የምታስፈራው። ሁለተኛ ውሻ ማምጣት አሁን አይሁን። እንግዳውን በግቢዋ፣ በምግብ ሳህኗ፣ በመኝታዋ ላይ ነው የምታስገቢባት።

የዳማ እናት (ለገጣፎ)

የሱሉልታው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎንበስ ስለማለት የጻፍከውን ሳነብ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ቤት ስጠርግ ለምን ወደ ጓሮ እንደምትሸሽ አሁን ነው የገባኝ። የሚያሳስቡኝ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ ዳማ አልመከነችም። ማስመከኑ ያረጋጋታል? ሁለተኛ፣ እግዜር አይበለውና ብትነክስ ወይም ብትነከስ ምን ማድረግ አለብኝ? ደግሞስ የጎረቤቱን ውሻ ምን ላድርገው?

የእንስሳት ሐኪሟ (ሰበታ)

እህቴ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከላይ የተጻፈው የርቀትና የሳንባ ምክር ትክክል ነው፤ ጥቂት የጤና ነገር ልጨምርበት።

በመጀመሪያ ጆሮዋን አስመርምሪ። ቁስሉ ከላይ የዳነ ቢመስልም ውስጡ ሊያመረቅዝ ይችላል። ጭንቅላቷን የምታራግፍ፣ ጆሮዋን በእግሯ የምታክ ከሆነ ጠርጥሪ። የሚያማት ውሻ ሌላ ውሻ እንዲጠጋት አትፈልግም። ሕመሙ ሳይታከም ማለማመዱ ብቻውን አይሠራም።

ማምከኑን አስመክኛት። ሴት ውሻ በአብዛኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለወንድ ትነሣለች፤ እያንዳንዱም ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። በዚያ ጊዜ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ያድራል። ውሻ ለምትፈራ ውሻ ይህ ትልቅ ጭንቀት ነው። ካረገዘች በ63 ቀን አካባቢ ትወልዳለች፤ ቡችላ ያላት እናት ደግሞ ይበልጥ ትቆጣለች። ማምከን ይህን ሁሉ ያስቀራል። የማህፀን መመርቀዝንም ያስቀራል፤ ከመንገድ ውሾች በግንኙነት ከሚተላለፈው የብልት ዕጢም ይጠብቃታል። ፍርሃቷን ግን አያጠፋውም። አስመክነው «አልተሻላትም» ብለው የሚመጡ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን ቀድሜ የምነግርሽ። ፍርሃቱ የሚሄደው በልምምዱ ነው።

ስለ ንክሻ። ዳማ ሰው ከነከሰች፣ ወይም ውሾች ስትገላግዪ አንቺ ከተነከስሽ፣ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ትንሽ ጭረትም ብትሆን። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። አዲስ አበቤ ዛሬም «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለእብድ ውሻ በሽታ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ቦታ ነው። የበሽታው ምልክት ሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይመከታል። ስለዚህ በፀበልም በቅጠልም ብሎ መዘግየት የለም፤ ፀበሉ ከክትባቱ ጋር ይሁን።

የነከሰውን ውሻ አትግደሉት። ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ያለበት ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በዚያ ንክሻ አላስተላለፈም ማለት ነው። ሐኪሙ ለሰውየው ያዘዘው ክትባት ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ተብሎ አይቆይም። ዳማ ራሷ ከተነከሰች ቁስሏን እንደዚያው አጥበሽ ክትባቷን እንዲያድሱላት ውሰጃት። ካርዷን እዪው፤ የመጨረሻው ክትባት ዓመት አልፎት ከሆነ ንክሻ አትጠብቂ።

ሳንባውን በደንብ ቀቅዪው። ጥሬውን በጭራሽ። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር አይታችሁ ይሆናል። ያንን ጥሬውን የበላች ውሻ ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ ዕንቁላል በዓይነ ምድሯ ይወጣና ወደ ሰው ይተላለፋል። የእህትሽ ልጅ አብሯት ስለሚጫወት የትል መድኃኒቷን በጊዜዋ ትውሰድ። ለማረጋጋት ተብሎ የሰው ኪኒን አይሰጣት።

አፏ ላይ የሚጠለቀውን መከለያም አትናቂው። ቅርጫት የሚመስለውን ምረጪ፤ በሱ ውስጥ ታለከልካለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ሳንባም ትቀበላለች። ግቢ ውስጥ ሳንባ ከውስጡ እያበላሽ አስለምጃት። ባለፈው እንደመጣው ቡችላ ሌላ ቢመጣ አንቺም አትደነግጪም። አንቺ ካልደነገጥሽ ገመዱም አይወጠርም።

የቡራዩ አባት

ልጄ፣ እኔ ስለ ጎረቤትሽ ውሻ ልናገር። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ውሻ የልማዳችን ነው፤ ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ለሌባ ብሎ ነው። ስለዚህ ክስ ይዘሽ አትሂጂ። ቡና ጥሪያቸውና በሰላም ተነጋገሩ። እናንተ ዳማን ማታ ወደ ቤት ወይ ወደ በረንዳ ካስገባችሁ፣ የሱ ሲለቀቅ የናንተ አጥር ጋ የለችም። እኛ ከጎረቤቴ ጋር በዚህ ተስማምተን ነው የምንኖረው።

አጥሩም ይታይ። ቆርቆሮው መሬት ጋ ሲደርስ ክፍተት ይኖረዋል፤ ውሾቹ የሚያብዱት በዚያ ክፍተት እግርና አፍንጫ ስለሚያዩ ነው። እሱን በድንጋይና በአፈር ሙዪው። ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ ሁለት እርምጃ ያህል ገባ ብለሽ ቁጥቋጦ ትከዪ፤ ከቆርቆሮው ጋር ደረት ለደረት እንዳትሆን።

ደግሞ ማታ ውጪ አስረሻት እንዳታድሪ። እኛ ዳር አገር ነው ያለነው። ጅብ ይመጣል። የተፈታ ውሻ ያመልጣል፤ የታሰረ ግን የትም አይሄድም።

በጾሙም ጊዜ ጥንቃቄ አድርጊ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ብዙ ሥጋ ቤት ሲዘጋ እዚያ የለመዱት ውሾች ይራቡና ወደ መንደር ይገባሉ፤ በአንድ ቁራሽ ይናከሳሉ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ በየደጁ አጥንትና ቆዳ ይወድቃል፤ ያን ሰሞን ጠቡ የባሰ ነው። በነዚያ ቀናት ግቢ ውስጥ አጫውቻት። ስትራመዱ አጥንት ካገኘች ከአፏ አታውጪ፤ ዳቦሽን ወርውረሽ አስለቅቂያት።

የሱሉልታው

ጋሼ ስለ አጥሩ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ቢኖር፣ የጎረቤቱ ውሻ ሲጮኽ ዳማን አትጩኺባት። አንቺ ስትጮኺ አብረሽ የምትጮኺ ነው የሚመስላት። ሄደሽ «ጎሽ፣ ነይ» በያትና ከአጥሩ አርቀሽ ስጫት። ቦቢ ዛሬ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ሰምቶ ኩሽና በር ላይ መጥቶ ይቆማል።

ሌላው፣ ዳማ ከሩቅ ስታይ መብላት ከጀመረች በኋላ፣ ረጋ ያለ ውሻ ያለው ሰው ፈልጊ። ፊት ለፊት አታገናኟቸው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሆናችሁ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውሾቹ ከውጪ፣ ሰዎቹ ከውስጥ ሆናችሁ አብራችሁ ሂዱ። ፊት ለፊት መምጣት ለውሻ ጠብ ነው፤ ጎን ለጎን መሄድ ጉዞ ነው። ቀስ በቀስ አጥብቡት። መሸታተት የሚመጣው በኋላ ነው፤ ባይመጣም ምንም አይደለም። ዳማ ከውሻ ሁሉ ጋር መጫወት አይጠበቅባትም። ሌላ ውሻ አይታ ማለፍ ከቻለች ተሳክቶላታል።

የዳማ እናት (ለገጣፎ)

ጋሼ፣ ዶክተር፣ የሱሉልታው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካርዷን አየሁት፤ ክትባቷ ሊያልፍ ትንሽ ነው የቀረው፤ ከጆሮዋ ምርመራ ጋር አንድ ላይ አስጨርሳለሁ። ሳንባ ገዝቻለሁ፣ እየተቀቀለ ነው። እናቴም ይህን ሁሉ አንብቤላት «እንግዲያ ከእኔ ጋር ቀን ቀን ትውጣ» ብላለች።

ለገጣፎ ወይ ጣፎ አካባቢ ረጋ ያለ ውሻ ያለው፣ ወደፊት ጎን ለጎን የሚሄድልኝ ሰው ካለ ኢንቦክስ ይጻፍልኝ።

ከኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ ሁሉንም አነበብኩት። ጆሮዋ እንደዚያ መነከሱን እያወቅሽ መልቀቅ አይሆንም፤ የሱሉልታው ልክ ነው። ወንድሜ ጣፎ ነው የሚኖረው፤ አሮጊት ውሻ አለችው፣ ድመት እንኳ ፊቷ ቢያልፍ ቀና አትልም። ዛሬ ማታ ደውዬ እጠይቀዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አይጠፋም።